የልክ ደብተር

ሱቄ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፣ ደወል በሌለው በር፤
ከጀርባዬ ሳን ወንዝ ይፈሳል፣ ከፊቴ የዳኞች ሰፈር።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ካባ ሰፋሁ፣
ስንቱን ትከሻ አጠበብኩ፣ ስንቱን አሰፋሁ።
ዚታ እባላለሁ። ሕግ አልተማርኩም፤
ልክ ግን አውቃለሁ፤ ልክ ስቼ አላውቅም።

ሰኞ ነበር፣ የወሩ አራተኛ ቀን፣ በረዶው ወደ ጭቃ ሲዞር፤
ጥቁር መኪና ቆመ፤ ሾፌሩ አልወረደም፣ ሞተሩም አልጠፋም ነበር።
የገባው ጼዛሪ ነው፣ የፓርቲው ጠበቃ፣
በምርጫ ሰሞን ሲጮህ ከርሞ ጉሮሮው የነቃ።
«ካባ ስፊልኝ» አለ። «የዳኛ?» ስለው ሳቀ፤
«ስም ግን አትጻፊ» ብሎ ክንዱን ዘርግቶ ጠበቀ።

ስሙን ተውኩ። ቀኑን ግን ጻፍኩ፤ ልማድ ነው ያስጻፈኝ፤
«ቀን ያልተጻፈበት ልብስ ይጠባል» ትል ነበር ያስተማረችኝ።
አንገት አርባ አንድ፣ ደረት መቶ ስምንት፣
እጅጌ ስልሳ አራት።

የዳኞች ጉባኤ የተቀመጠው ከዚያ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው።
ሦስት ዕጩ ነበር፤ ጋዜጣው ጽፎታል፤
«ከረጅም ውይይት በኋላ በነጻ ድምፅ ተመረጠ» ይላል።
ካባው ግን ያኔ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ አልቆ፣
ከሚስማሬ ተሰቅሎ ነበር፣ ጉባኤውን ጠብቆ።

ውሃ ሲጎድል ተሻገር ይላሉ። እኔ ከሳን ዳር ነው ያደግኩት፤
ወንዙ እስኪጎድል ሳይሆን ዘመድ እስኪሾም ሲጠብቁ ነው ያየሁት።

ከእሱ በፊት እዚያ ሚስማር ላይ የኦቲልያ ካባ ይሰቀል ነበር፤
ክርኑ ሁለቴ የተጣፈ፣ ጠረጴዛው የበላው።
በከንቲባው ላይ ፈረደች፣ በገጽ ተኩል፤
ዝውውር መጣባት፣ «ለሥራው ቅልጥፍና» የሚል።
ሻንጣዋን ይዛ ገባች፤ ሁለት መቶ ኪሎሜትር ነው መንገዱ፤
«ዚታ፣ ልኬን ታውቂያለሽ፤ እኔ አልጠበብኩም፤ ወንበሩን ነው የወሰዱ።»
የመጨረሻውን ጥፈት ሂሳብ ረስታው ሄደች። አልጠየቅኳትም።

ከዚያ የቲቱስ ጉዳይ። እንጨት መሰንጠቂያው ሦስት ጣቱን በላ፤
ምስክር አራት ነበረው፣ ፎቶም ነበረው፣ ሌላም ሌላ።
የመጋዙ ባለቤት ማን ነው? ያቺ ሞተሯ ያልጠፋ መኪና ጌታ፤
ዘጠኝ ደቂቃ ሳይሞላ ፋይሉ ተዘጋ፣ ቲቱስ ተረታ።

ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ያየሁት ፊቱን አይደለም፣ ስፌቴን ነው፤
ግራ ትከሻው ላይ ያለችውን ድርብ ስፌት። አፈርኩ።
«ካባው ልክ ነው» ብዬ ያስረከብኩ እኔ ነኝ፤ ገንዘቡን ተቀበልኩ፣ ዝም አልኩ።

የሥጋ ሻጩን ሚዛን የሚፈትሽ አለ፣ በየስድስት ወሩ፤
የእኔንም ሜትር ያዩታል፣ ተለጥጦ እንደሆን፣ ባለማኅተሞቹ ሲዞሩ።
ዳኛን ማን ይለካዋል? ቲቱስ አቤቱታ ጻፈ፣ በግራ እጁ፤
መልሱን የፈረመው የጼዛሪ ሚዜ ነበር፣ ሚዜና ወዳጁ።

ዳኛ ይፍራ አላልኩም። የሚፈራ እጅ
ጨርቅ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም፤
ግን እኔ ያጠፋሁትን ፈትቼ እሰፋለሁ፣ ባለቤቱ እያየኝ፤
እሱ ያጠፋውን ማን ይፈታዋል? ማን ነው የሚነግረኝ?

ትናንት ተመልሶ መጣ። ወፍሯል። «አስፊልኝ» አለ።
«እጅዎን ወደ ላይ!» አልኩት። አነሳ፣ እንደሚፈተሽ ሰው።
መቶ አሥራ ሰባት። ከአሮጌው መስመር ሥር ጻፍኩት፣ ከነቀኑ።
«ልክ ነው?» አለኝ።
ደብተሩን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤
በዚያች ሰኞ ገጽ ላይ ዓይኑ ሲቆም አየሁት።
እጁን ማውረድ ረሳ።

ነገ ጠዋት ደብተሩን ለቲቱስ ጠበቃ እሰጣለሁ፤ ቃል ገባሁለት።
ካባውንም ጨርሻለሁ፤ ሥራ ሥራ ነው፤
በሦስት ጣት አሰፋሁት።