ሁለት እጅ ቀለም

ቁልፍ ያዥ ነኝ እኔ፣ ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ፣ ብሎክ ዐሥራ ሁለት፤
አራት ፎቅ፣ ስድሳ በር፣ አንድ የሚያፈስ ሮቶ ያለበት።
ስሜ ማስተዋል ነው።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላስተዋልሁትን
አንድ በር አስነበበኝ፣ ግንቦት ላይ፣ ሌሊቱን።

ውሃ የሚመጣበት ሐሙስ ነው፤ ጄሪካኔን ይዤ በጨለማ ስወጣ
ከሦስተኛው ፎቅ የማርከር ሽታ መጣ።
ክፍል ሦስት መቶ ሰባት። በሩ ላይ ቃል።
አልደግመውም፤ ብደግመው ሁለተኛ መጻፍ ይሆናል።
ሰውን ከነአገሩ፣ ከነአፍ መፍቻው፣ ከነእናቱ
ከሰው ተራ የሚያስወጣ፤ አምስት ፊደል ብቻ ነው ርዝመቱ።

የዚያን ሰሞን በስልክ የመጣ ነገር ነበር፤
የተቃጠለ ቤት ፎቶ፣ የት፣ መቼ፣ የማይነገር።
አንዱ ለአንዱ ሲልክ፣ እሳቱ በየኪሱ እየሞቀ፣
እራት ላይ ጠረጴዛው በየአገሩ ተሰነጠቀ።
ፍራሽ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ልጅ አየሁ፤
"ወዴት?" ብለው፣ "ወደ ልጆቻችን" አለኝ።
ታዲያ እኔ የማንን ልጆች ነው ስጠብቅ የኖርሁ?

ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ።
አንድ እግሯ ያጠረ፣ እንደ ዶሮ የምታነክስ "ለ"፤
በየማታው ቁልፍ ሲወስድ ይፈርማታል፣ ይርዳው መለሰ፣
የደባርቅ ልጅ፣ ሁለተኛ ዓመት፣ ሕግ ተማሪ፣
የታመመች ድመት በጃኬቱ ሸፍኖ ሲያስገባ
እያየሁ ያላየሁት።
የገዛ በሩ ላይ ነው የጻፈው። አብሮት የሚተኛው ለሜሳ ነው፣ ከጊምቢ፤
ዘግይቶ መጥቶ፣ አልጋ ጠፍቶ፣ እዚያ ክፍል ሳይታሰብ የገባ።

ለዲሲፕሊን ላመለክት ተነሣሁ። ተቀመጥሁ።
የራሴን መዝገብ ገለጥሁ፣ ክፍል በክፍል አነበብሁ።
ሦስት መቶ አንድ፣ የእነ እንትና አገር። ሦስት መቶ ሁለት፣ የእነ እንትና።
ማን ደለደለው? እኔ ነኛ።
ለምን? ለጸጥታ።
"አንድ ቋንቋ ያለው በፎጣ አይጣላም" እያልሁ
ዘጠኝ ዓመት አጥር በእርሳስ ሳጥር ኖርሁ።
እሱ በማርከር ገለበጠው እንጂ
ረቂቁ የእኔ ነው።

ቅዳሜ ስብሰባ ተጠራ። ብዝኃነት ውበት ነው የሚል ባነር ተሰቀለ፤
ብስኩትና የታሸገ ውሃ ታደለ።
ዲኑ ጥሩ ተናገረ፤ አዳራሹ አጨበጨበ፤
ጭብጨባውም እንደ ፍራሹ፣ በየረድፉ፣ በየአገሩ የተሰበሰበ።

ሰኞ ፒያሳ ወርጄ ነጭ ቀለም ገዛሁ።
ባለሱቁ፣ "ማርከር ከሆነ አንድ እጅ አይሸፍነውም፣
ሁለት እጅ ይፈልጋል" አለኝ።
ይርዳውን ጠራሁ። መዝገቡን ገልጬ "ለ" ላይ ጣቴን አኖርሁ።
ጆሮው ቀላ።
"ያስባርሩኛል?"
"አላውቅም። መጀመሪያ ቀባው።"

ቀባ። ከነጩ ሥር ቃሉ ተመልሶ ታየ።
መብራት ጠፋ። ለሜሳ ከላይብረሪ መጥቶ ከኋላው ቆየ።
ማን እንደጻፈው ያኔ አወቀ፣ ወይ ቀድሞም ያውቅ ነበር።
አልተቃቀፉም። ይቅርታ የሚል ቃል አልሰማሁም ከዚያ በር።
"ጥግ ጥጉን ትተኸዋል" አለው፣
ስልኩን አውጥቶ አበራለት።
ሁለተኛው እጅ እንዲያ ሆኖ አለቀ፤
አንዱ ሲቀባ፣ አንዱ ፊቱን አዙሮ ብርሃን ሲይዝለት።

ኋላ አመለከትሁ፤ ማመልከት ነበረብኝ።
ይርዳው አንድ ሴሚስተር ታገደ፤ ድመቷን ለለሜሳ ትቶ ሄደ።
ለሜሳ ያበላታል፣ እየተሳደበ።

አዲሱን ድልድል በዕጣ ነው ያወጣሁ፣ ከልጄ ኮፍያ።
ሁለቱ ተቆጥተው ሳሙና በር ቤት ተከራዩ፤ አንድ አባት ደውሎ ጮኸብኝ።
ጸጥታዬም ጠፋ፤
አሁን በመስኮት ይጣላሉ፤ በማንኮራፋት፣ በወጥ ሽታ፣
በማለዳ ጸሎት፣ በሌሊት ጨዋታ።
ስሰማው እተኛለሁ።

ቀለም ቆጠረ እንላለን ለተማረ ሰው፣
ስንት እጅ እንደሆነ የቆጠረ ግን የለም።
ክረምት ገብቶ ግድግዳው ሲረጥብ
ያቺ "ለ" እያነከሰች ብቅ ትላለች ከሦስት መቶ ሰባት በር፤
ሦስተኛ እጅ ሳይፈልግ አይቀርም።