ቁጥሩ ሲያንስ የሚወፍር

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ቻጓናስ ከተማ፣
ከሱቄ ደጃፍ ላይ አሮጌ ኒሳን ቆማ፣
ሪሺ ገንዘብ ይዞ «ትልቁን!» አለኝ፣
«አሥራ አምስት ኢንቹን፣ ሰፈር የሚያነቃልኝ፤
ካርቶኑ ላይ አይቻለሁ፣ ሁለት ሺህ ዋት ይላል፤
ሽቦ ርካሹን ስጪኝ፣ ሽቦ ማን ያየዋል?»

አባቱ ዲዮናሪን ከኋላው ቆሟል፤
መኪናዋ የእሱ ናት፤ ስለዚህ መጥቷል።
አርባ ዓመት በሰርግ ቤት፣ በታሳ ጓድ መሀል፣
ትልቁን ከበሮ አንግቶ መትቷል።
ዛሬ ጣቶቹ
እንደ ዝንጅብል ሥር ተቆላልፈዋል።

እኔም እንደ ወትሮው ስብከቴን ጀመርኩ፤
(ለስንቱ ችኩል ልጅ፣ ስንት ጊዜ ነገርኩ!)
«ካርቶን ላይ ያለው ዋት የጉረኛ ፉከራ ነው፣
አንዴ ጮኾ ሊሞት የሚችልበትን ነው የጻፈው።
እውነቱ ከግርጌ ነው፣ በደቃቅ ፊደል፣
ቀኑን ሙሉ ቢሠራ የሚችለው በዚያ ይገኛል።
ይልቅ ይኼን ሳብዉፈር እየው፤ አሥራ ሁለት ኢንች ነው፣
ውስጡ ሁለት ጥቅል፣ አራት አራት ኦም ነው።
በተርታ ብትቀጥላቸው ስምንት ይደርሳሉ፣
ማጉያው እያዛጋ እነሱም ያንቀላፋሉ።
ጎን ለጎን ብታስራቸው ሁለት ይሆናሉ፤
ማጉያው የሚችለው ይህንኑ ነው፤ ይስማማሉ።
ከሁለት ታች ብትወርድ ግን…»
መደርደሪያው ላይ የከሰለ አንድ አለ፤ አውርጄ
ሽታውን እንዲያውቀው ከአፍንጫው አስጠጋሁት በእጄ።

«እንቆቅልህ?» አልኩት።
«ምን አውቅልሽ?»
«ቁጥሩ ሲያንስ የሚወፍር፣ ሲበዛ የሚቀጥን።»
ሪሺ ራሱን አከከ፤ አላገኘም መልሱን።
«እንግዲያ አገር ስጠኝ።»
«ቶቤጎን ውሰጂ!»
«ቶቤጎ ገብቼ፣
ባሕር ዳር ተኝቼ፣
ምን አጥቼ!
ሽቦ ነው መልሱ። ስምንት ቁጥር ክር ነው፣ አራት ቁጥር ገመድ፤
ለዚህ ማጉያ አራቱን፣ ንጹሕ መዳብ ውሰድ።
ርካሹ አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ፤
ፊውዙም ከባትሪው ሥር፣ ክንድ ሳይርቅ ይግባ።
ምድሩን ስታስርም ቀለሙን ጥሩ ፋቅ፣
እርቃኑን ብረት አግኝ፣ እስኪያብረቀርቅ።»

ሽማግሌው ያኔ ከቦታው ተነቅሎ
ወደ ሳጥኖቹ ሄደ፣ አንገቱን አዘንብሎ።
በጣቱ አንጓ መታ። አንደኛው፦ ቆርቆሮ።
ሁለተኛው፦ ባዶ ጓዳ።
ሦስተኛውን፣ ወፍራሙን፣ ዙሪያው የታሸገውን፣
ደግሞ ደጋግሞ መታው።
«ይኼ» አለ። ከገባ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።
«የሚመታው ቆዳው ነው፤ የሚመልሰው እንጨቱ ነው።
የእኔው የማንጎ ግንድ ነበረ።»
«ነበረ» ሲል
ሪሺ የያዘውን ብር ቀስ አድርጎ ወደ ኪሱ መለሰ፤
መሬት መሬት እያየ ጉሮሮውን ጠራረገ።
እኔም አልጠየቅሁም
ከበሮው የት እንዳለ፣
ማን እንደሸጠው፣ በስንት።

ያን ቀን ሙሉ ሠራን። ኮረንቲውን በግራ፣
የድምፁን ቀጭን ገመድ በቀኝ በኩል አዙረን፣
(አብረው ከሄዱማ ሞተሩ ሲነሣ እንደ ትንኝ ያፏጫል)
ዲዮናሪን መብራት ይዞልን፣ አንዴም ሳያወርድ እጁን።
የሸንኮራው ማሳ ሲጨልም
ማጉያው ላይ ያለችውን ቁልፍ «ይቺ የጩኸት አይደለችም፣
የመስማሚያ ናት» ብዬ
ድምፁ ሲሰነጠቅ መለስኳት ትንሽ ዝቅ።

ከፈትነው።
ከእግራችን ሥር ጠጠሩ ተናገረ።
ሽማግሌው መዳፉን ከኋላዋ ኮፈን ላይ ዘረጋ፤
አንድ ጣቱ ተላወሰ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣
ከምቱ አንድ እፍኝ ቀድሞ፣
የሚመጣውን እንደሚያውቅ ሰው።
«የሽቦውን ሒሳብ ለእኔ አድርጊው» አለኝ።
ወዲያው ፊቱን ቋጠረ፦
ታርጋዋ ትንጫጫለች።
ኪሱን ዳበሰና ያልወጣለትን ሎተሪ
አራት ቦታ አጥፎ
ከታርጋዋ ኋላ ወተፈው።