የላይ መስክ፣ የታች መስክ

ጠባሴ ላይ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣
ካፖርቴን ደርቤ ከኮምፒውተሩ ፊት፣
ማውሱ በእጄ ውስጥ መስሎኝ በረዶ፣
የሞላሌን ሠርግ አያለሁ በሚዶ።

በሚዶ ስላችሁ ቀልድ አይምሰላችሁ፤
ፈረሱ ሽው ሲል ጎኑን ላሳያችሁ፦
ጥርስ በጥርስ ነው ጋማውም ልጓሙም፣
ከኋላው ያለው አጥር ግን ጭረት የለውም።
የቆመ አይቀደድም።
የሄደ ነው ሰበዙ የሚለያየው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዘጠና ስድስት
እቁብ የወጣልኝ ለት የገዛሁት ካሜራ
ሙሉ ሥዕል አይስልም በአንድ ጊዜ ሥራ፤
አንዱን መስመር ዘሎ አንዱን ይጭራል፣
የዘለለውን ደግሞ ተመልሶ ይሞላል፤
በሰከንድ ሃምሳ ግማሽ።
በሁለት ግማሽ መሃል ፈረስ ስንዝር ይሄዳል።
ሆደ ሰፊው ቴሌቪዥን ገመና ይሸፍን ነበር፤
ጠፍጣፋው ግን ሆድ የለው፣ የት ይዞ ምሥጢር ያሳድር?

ፕሮግራሙ ደግሞ እንደ ወረዳ ዳኛ
አፍጥጦ ይጠይቃል፣ አያስተኛኝ፣ አይተኛ፦
«የላይ ፊልድ ይቅደም ወይስ የታች ፊልድ?»
ፊልድ መስክ ነው ብለውናል፣ ስምንተኛ ክፍል፣ መምህር ውብሸት።
የላይ መስክ? የታች መስክ?
አባቴና አጎቴ በዚችው ጥያቄ
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ተመላልሰው፣
በሬውን ጠበቃ በላው፣ መስኩን አረም ወረሰው።

ከሥሩ ሌላ ዝርዝር፦ ቦብ፣ ዊቭ፣ ብሌንድ፣ ያዲፍ፤
ስም እንጂ ፍቺ የለ፣ እንደ ጠንቋይ መጽሐፍ።
አውቶ የሚባል አለ፣ እሱ ደግሞ ይብሳል፤
የማያውቀውን ሁሉ በድፍረት ይመልሳል።
ዊቭ ሽመና ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ፣
የባና አገር ሰው ነኛ፣ ድርና ማግ ሳይ ያደግሁ፤
ጠቅ ባደርገው ሚዶው ባሰበት፣
ሁለት ቅጽበት ባንድ ድር የሚወረውር ሸማኔ አገኘሁ።

ካሴቱ የእልፍነሽ ነው። ከብርድ ልብስ ፋብሪካ
ከሥራ መልስ አመጣችው፣ በፌስታል ጠቅልላ፦
«የአባባ ሙት ዓመት ለጥቅምት ሃያ ነው፤
ሲመርቀኝ ያለውን፣ የምፈልገው እሱን ነው።»

ጋሽ ሸዋንግዛው እጁን ከራሷ ላይ ሊያሳርፍ
ይዘረጋል፣ ይመልሳል፣ ይዘረጋል።
የላይ መስክ ብል ፈረሱም ወደ ኋላ ይነጥራል።
ለካ ካሴቱ የቆላ ሰው ኖሯል፣ ከታች ነው የሚጀምረው፤
ወደ ታች መስክ ቀየርኩ፣ ያዲፍን በሃምሳ፣
ፈረሱ ፈሰሰልኝ እንደ ክረምት በሬሳ።
የጋሽ ሸዋንግዛው እጅ ብቻ
አሁንም ሄዶ ይመለሳል።

ሦስት ሌሊት። በሁለተኛው
ዘጠና አራት በመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ።
በሦስተኛው ብሌንድ ጣልኩበት፣ አለሰለስኩት፣
ሁለቱን ግማሽ እጅ ባንድ አቅልጬ ዝም አሰኘሁት።
እንደ ጳጳስ እጅ ረጋ። ኮራሁ።

እልፍነሽ መጣች፤ ቆማ አየች፤ ፊቷ አልተፈታም።
«ይሄ የማን እጅ ነው?»
«የአባትሽ ነዋ።»
«አይደለም። አባባ እኮ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጁ ነበር የሚያነሳው።
ያን ለት ራሴ ላይ ሲያሳርፈው
እንደ ጫጩት ልብ ሲመታ ተሰምቶኛል።»

ሁለት ክንድ ርቄ ቆሜ ነበር እኔ፤
ስለ ብርሃኑ ስጨነቅ፣ በቀዳዳው ስሾልቅ፣
እጁን አላየሁትም።

መለስኩት። ይሂድ፤ ይመለስ።
ሦስት መቶ ተስማምተን ነበር፣ ሁለት መቶ ተቀበልኩ፤
እሷም አልጠየቀች ለምን እንደ ቀነስኩ።

ከዝርዝሩ ግርጌ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤
ምን እንደምትል እስከ ዛሬ አላውቅም።
ብነካት ፈረሱ ቢቆምስ ብዬ
አልነካኋትም።