የወረቀቱ ጀርባ

ወረቀቱ መጣ ከቀኑ ዘጠኝ ላይ፣
ደመና በሌለው፣ በጠራ ሰማይ፦
"ከዛሬ እኩለ ሌሊት እስከ ነገ ማታ
የሞገድ ከፍታ
ሜትር ተኩል ያህል፣ ሲበዛ ሁለት ነው፤
ጀልባን አራርቆ ማሰር ተገቢ ነው፤
ዋና የተከለከለ፣ ከዳርቻ መራቅ።"
ፊርማ አለው፣ ቁጥር አለው። ቋንቋው ደረቅ።

ሥራዬ ማንበብ ነው። በባጃጄ ጣራ
የቤተ ክርስቲያን ማጉያ በሽቦ ታስራ፣
በፑዱካራ መንደር፣ ከበረዶ ፋብሪካው እስከ ወደቡ በር
ስመላለስ አመሻለሁ ድምፄ እስኪሰበር።

መረብ የሚጠግኑት ቀና ብለው አይተው፣
ሰማዩን በአገጫቸው ለእኔው አሳይተው፣
"ምነው ዊልፍሬድ?" አሉኝ፤ "ነፋሱስ የታል?
ያንተ ማዕበል እኮ መንገድ ላይ ይቀራል!
ያለፈውም ሳምንት 'ቀይ ነው' ብለኸን
ሁለት ቀን ጦም አደርን አንተኑ አምነን።"

ምን እላለሁ? እውነት ነው።
የዚያን ቀን ባሕሯ ከቁርጭምጭሚት አልወጣች፤
ደጃፍ ስማ ተመለሰች፣ እንደ ጨዋ እንደመጣች።

ግን ይሄኛው ሌላ ነው። በማላያላም
"ካላ ካዳል" ይባላል፣ ሌባ ባሕር።
ሩቅ ነው የሚወለድ፣ ከምድር ወገብ ወዲያ፣
መርከብ ከማይደፍረው፣ ከበረዶው ጉያ።
ወላጁ ነፋስ እዚያው ሞቶ ሲቀበር፣
ልጁ በውኃ ሥር
ሳምንት ሙሉ ተጉዞ፣ ጫማውን አውልቆ፣
ይመጣል በጨለማ ጓዳችንን አውቆ።

ሉርዳማ ስትዳር
ቤቷ ሦስተኛ ነበር ከባሕሩ ዳር።
ዛሬ አንደኛ ነው። ቤቱ አልተንቀሳቀሰም።

ዓሣ ላይ ጨው ስትነሰንስ፣ እጇ እንደነጣ፣
ባጃጄን አስቆመች መሐል መንገድ ወጥታ።
"ደግመህ አንብብልኝ።" ደግሜ አነበብኩ።
"ቁመቱን ነገርከኝ፣ ሰዓቱን ነገርከኝ፣
የጀልባ አስተሳሰር አንድ በአንድ ቆጠርክልኝ።
ጀልባ የለኝም እኔ።
ወዴት እንደምሄድስ ይላል ወረቀቱ?
እስቲ ገልብጠህ እየው፣ ምናልባት ከጀርባው..."

ገለበጥኩት።
ጀርባው ነጭ ነበር።

ሌሊት በስምንት ሰዓት መጣ።
ቅጠል አልተነቃነቀም፣ ጨረቃዋ ቁልጭ ብላለች፤
እኔን የቀሰቀሰኝ የሞገድ ጩኸት አልነበረም፤
የጎረቤት ድስት ነው፣ ተንሳፎ ግድግዳ ሲመታ፣
ቀስ ብሎ፣ እንደሚያንኳኳ ሰው።

ሉርዳማን ያገኘኋት ጠረጴዛ ላይ ቆማ፣
ዶሮዋ በብብቷ፣
የስፌት መኪናዋን ራስ እንደ ሕፃን ታቅፋ።
የጨው ጆንያዋ ባዶ ጨርቅ ሆኖ ውኃው ላይ ይሽከረከራል።
አየችውና፣
"እሱስ የራሷ ነው" አለች፣ "ከሷው ነው የተቀዳው።
ሰሃኖቹን ግን የገዛሁት በገንዘቤ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ሳነብ፣ ከፊርማው በኋላ፣
አንድ መስመር እጨምራለሁ፣ ከራሴ፣ ሌላ፦
"ባጃጁ ባዶ ነው። ሦስት ሰው ይይዛል።
ከምሽቱ አራት ጀምሮ ሉርዳማ ደጅ ይቆማል።
ሒሳብ የለም።"

ጽሕፈት ቤቱ ሰማ። "ያልተጻፈ አታንብብ!"
ከሺህ ክርክር እሺ ይበልጣል፤
እሺ አልኳቸው።
በማግስቱም አነበብኩ።

ትናንትም ቀይ ነበር።
ሉርዳማ ከነዶሮዋ፣ ከኋላ ወንበር፣
ቁጭ ብላ አነጋች።
ውኃው ከድንጋዩ ግንብ ማዶ ሲተነፍስ አደረ እንጂ
አንድ ጣት አላነሣም።
ፀሐይ ስትወጣ ወረደች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣
"ወገቤን ገደለኝ ያንተ ወንበር" አለች፤
"ሌባህም አልመጣም።"
"አልመጣም" አልኳት።
ዶሮዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣
ባሕሩን አየት አድርጋ፣
"ይሁን" አለች።
"ለመሆኑ ዛሬስ፣ በስንት ሰዓት ነው የምትቆመው?"