ጉድጓድ ቁጥር ሰባት

ሐዴራ፥ ታኅሣሥ። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ
መንገዱ ላይ ተኝቷል፥ የአውቶቡሱን መብራት ሲያነብ።
በጎማ ቦቲዬ ገባሁበት፤ በእጄ የመለኪያ ገመድ፥
ከኦስናት ቢሮ የወጣ ቅጽ፥ ከጉድጓድ ጉድጓድ የሚያስኬድ።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላል ሰው ሲተርት፤
እኔ ደመወዝ የምበላው ይኸንኑ ተረት ልፈትሽበት፦
ከጣሪያ የወረደ፥ ከአስፋልት የተንሸራተተ፥
የሞተር ዘይት የነካው፥ የሲጋራ ቁራጭ የጎተተ፥
ባሕር ሳይደርስ ይያዛል ወይ? አሸዋው ይቀበለዋል?
ስንቱ ገብቶ፥ ስንቱ ጠፍቶ፥ ስንቱ ሰው ደጅ ያድራል?

ሰርጎ ገብ። ቃሉን በሬዲዮ ስሰማው ያንገሸግሸኛል፤
ድንበር ላይ የተያዘ ሰው፥ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ ይታየኛል።
ዛሬ ግን ሰርጎ ገቡን በር ከፍቼ የምለምነው እኔው ነኝ፦
ግባ፥ እባክህ ግባ፥ ቀዩን አፈር እለፍልኝ፤
ከዚያ በታች ቢጫ ድንጋይ አለ፥ እንደ ዳቦ ቀዳዳ የበዛበት፤
እዚያ ተኛ። በሐምሌ እንፈልግሃለን፥ ሰማይ ናስ በሚሆንበት።

አንደኛው በሦስት ሰዓት ጨልጧል። ሁለተኛውም እንዲሁ።
ሦስተኛው ይዘገያል፥ ግን ይጠጣል፤ «ደኅና» ብዬ ጻፍሁ።
አራተኛው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፥ የትናንቱን እንደያዘ አለ፤
ጭቃ ጉሮሮውን አንቆት፥ የድንች ጥብስ ላስቲክ ተንሳፎበት ዋለ።
አምስት ሞቷል።
ስድስትን መኪና ቆሞበት፥ ክዳኑን እንኳ አላየሁትም፤
በር አንኳኳሁ፥ ጠበቅሁ፤ ባለቤት ነኝ ያለ አልመጣልኝም።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሲመረቁ ሁሉም ጎበዞች ነበሩ፥
ሪባን ተቆርጦላቸው፥ ጎርፉን ባንድ ትንፋሽ የሚሰረስሩ።
ለከርሞ የሚጠርግ እጅ ግን ማንም አልመደበ፤
ጉድጓድም እንደ ሰው ነው፤ ሁሉን ዋጥ አድርጎ ዝም ሲል፥ ውስጡ ደለል ሰበሰበ።

ሰባተኛው ግን
ከሁሉ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ የሦስት መንገድ ጎርፍ ይገባበታል።
በስሌቴ ቀድሞ መሞት የነበረበት እሱ።
ገመዱን ለቀቅሁት። ወረደ፥ ወረደ፥ ደረቅ ነካ።
ደግሜ ለቀቅሁት። ደረቅ።
«አሸዋው ንጹሕ ይሆናል» ብዬ ስጽፍ
ከምድር ቤቱ መስኮት ሳል ሰማሁ፤
ጋሽ ባዘዘው ናቸው፥ ፒጃማ ላይ ካፖርት ደርበው፥
በእጃቸው ጥርሱ የረገፈ መጥረጊያ።

«ደመና ሲከብድ እንቅልፍ የለኝም» አሉ።
«ቅጠሉን ከወንፊቱ አነሳለሁ፤ ደለሉን በጣሳ እቀዳለሁ።
አንድ ክረምት አልጋዬ ሥር ገብቶ አድሮ ነበር፤ ያኔ ተዋወቅን።
ውሃ መንገድ ካሳየሽው ጠላት አይደለም፥ ልጄ፤
ከዘጋሽበት ግን ቤትሽን መንገድ ያደርገዋል።»

«ማን አዘዘዎት?»
ሳቁ። «ባዘዘው ስሜ ነው እንጂ፥ ማንም አላዘዘኝ።»

ቅጹ ላይ ዓምድ ሞልቷል፦ የአፈር ዓይነት፥ ጥልቀት፥ ሰዓት፤
ለአንድ ሽማግሌ መጥረጊያ ግን አልተሠራለትም ቤት።
ኦስናት ከመቶ ስንት እንደ ሠራ ትጠይቀኛለች፤
ቁጥሩ ይገኛል፤ ማካፈል ነው። ግን ቁጥሯ ምን ታውቃለች?
እኚህ ሰው ሲታመሙ ሰባተኛው ስንት ቀን ይቆያል?
ይህንንስ የትኛው ቀመር ያስባል?

«አሸዋው» የሚለውን ሰረዝሁት። ከጎኑ አንድ ቃል፦ መጥረጊያ።
እርጥብ ወረቀት ላይ ቀለሙ ፈሰሰ፤
በአውራ ጣቴ ላፍሰው ስል ባሰ።

ሰማዩ ከባሕሩ በኩል ዳግም ጠቆረ።
አምስት ጉድጓድ ይቀረኛል።
ጋሽ ባዘዘው ሳይሰናበቱኝ አጎንብሰው
ከወንፊቱ ላይ አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያነሳሉ፥
ያዩታል፥ ኪሳቸው ይከቱታል።