የብርዱ ዘበኛ

እኔ አዛናው ነኝ፣ የሌሊት ዘበኛ፤
ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ፣ ሁሉም ሰው ሲተኛ፣
ካፖርቴን ደርቤ፣ ዱላዬን ታቅፌ፣
ብርድ እጠብቃለሁ በር ተደግፌ።

ሰው ብር ያስጠብቃል፣ ሰው እህል ያስጠብቃል፤
የእኔ አደራ ግን ከአውራ ጣት ያንሳል፤
ከበረዶም በታች በብልቃጥ ይተኛል።

መብራት የጠፋ ለት፣ ጄኔሬተሩ ሲያስል፣
ፍሪጁ ቀይ ዓይኑን አፍጥጦ ሲያቃጭል፣
እደውላለሁ ለሲስተር እንወይ፤
«ቁጥሩ ስንት ሆነ? ከፍ ብሏል ወይ?»

አንድ ማታ ጠየቅኋት፣ ደክሟት ስትወጣ፤
«ምነው ይኼ ክትባት ዘመን ሙሉ ሳይመጣ?
ለኩፍኝ ተገኘ፣ ለፖሊዮም ወጣ።»

ልትስቅ ነበረ። ተወችው።

«ሌባ ቢገባብህ ምን ታደርግ ነበር?»
«ፊሽካዬን ነፍቼ እቆማለሁ ከበር።»
«ቢገባስ አስቀድሞ አንተው ጎጆ ውስጥ፣
ካፖርትህን ለብሶ፣ መልኩን ቢለዋውጥ፣
ትናንት ያወቅኸው ፊት ዛሬ ሌላ ቢሆን፣
ማንን ትይዛለህ? ትመታለህ ማንን?»

ዱላዬን አየሁት።
እንጨት ነው።

ታናሼ ብርነሽ ድቅን አለች ከዓይኔ፤
አዘዞ ነው ቤቷ፣ ኪኒን ሳይኖር ያኔ፤
ባሏ ሰሊጥ አጭዶ ሲመጣ ከመተማ፣
ብር ነው የመሰላት፣ ጫማ ነው፣ ሸማ፤
አብሮት የገባውን ማንም ሳይሰማ።
ከስታ፣ ከስታ፣ አልጋው ሲሰፋባት፣
«ብርድ ነው፣ ብርድ ነው» እያለ ሰፈሩ ሸኛት።

ብርድ!
ይኸው እኔ ዛሬ ብርድ እጠብቃለሁ።

ባለፈው መጋቢት ደብዳቤ መጣ፤
«ይኼኛው አልሠራም፤ ሌላው ይውጣ።»
እንወይ አነበበች፣ መነጽሯን አወለቀች፣
ብልቃጦቹ ላይ ቀን ጽፋ መለሰች።
«አይጣልም» አለችኝ፣ «የሳተም ጥይት
ይነግራል፣ ጠላቱ እንደሌለ የት።»

እስከዚያው አለች የብርነሽ ልጅ፣ ስንዱ፤
ባሏ ቫይረሱ አለበት፤ አልሸሸጋትም፤ ተዋደዱ።
ማራኪ ነው ቤታቸው፤ ከራስጌ አልጋ
ሁለት ዕቃ ኪኒን፦
የሱ ሌባ ሊያስር፣ የሷ በር ሊዘጋ።
ክትባት አይደለም፤ አንዴ ተወግተው የሚረሱት፤
የየማታ ዱላ ነው፣ በየማታው የሚያነሱት።
ልክ ሦስት ሰዓት፣ እኔ ተራ ስረከብ፣
እሷ ውሃ ቀድታ፣ ስልኳ ሲያስታውሳት፣
ዋጥ ታደርጋለች።

ሥራ ላይ ነን ሁለታችን።

ከአንገረብ በኩል ነፋስ መጣ። ጄኔሬተሩ ሳለ።
ባትሪዬን አበራሁ፣ ቁጥሩን አየሁ፤
ብርዱ አለ።