አልታሽ

ዘጠኝ ዓመት ሆነው ትከሻዬ ላይ ሲያድር፣
ስሙን ያልነገረኝ፣ ኪራይ የማይገብር።
ቀን ከሆቴሉ ሥር፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት፣
አንሶላ ስዘረጋ በዚያ በእንፋሎት፣
ዝም ይላል አድብቶ።
ማታ ፀጉሬን ላስር እጄን ላነሣ ስል
ይወጋኛል መጥቶ።

ራጅ ተነሣሁኝ፣ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ።
«ምንም የለም» አሉኝ ፊልሙን ሰቅለው አይተው።
ያን ምንም አዝዬ ወረድሁ ወደ ቤቴ፤
ከፊቴ ነፋሱ፣ ከጀርባዬ ምንም፣
ክብደቱን ማን ባየው!
(ቦራ ይሉታል እዚህ፤ ትሪየስቴን ሲንጣት
ሰው ምሰሶ አቅፎ የሚቆምለት ነው።)

ሚሬላ ናት የላከችኝ፣ የካውያው ክፍል ሴት፦
«የሳን ጃኮሞን ዳገት ውጪና፣ ከቀለም ሱቁ በላይ፣
አራተኛ ፎቅ ናት።
ዝደንካ በያት።»

ስልሳን የተሻገረች፣ መዳፏ የሰፋ፣
መዝገቧን ገልጣ «ስም?» አለችኝ ቀና ብላ።
«አልጣሽ» አልኋት፣ «ጣ»ን አጥብቄ።
አልሆነላትም፤ ምላሷ ላይ ላላ፦
«አልታሽ» ብላ ጻፈች፤ አመለጠኝ ሳቄ።

እናቴ ሁለት ቀብራ፣ በሦስተኛው ፈርታ፣
«አልጣሽ» ብላ ለምና የሰየመችኝን፣
ይቺ አንድ ፊደል ስታ
«አታሹኝ!» አስባለችኝ፣
ሃያ አምስት ዩሮ ቋጥሬ ልታሽ የመጣሁትን።

ተጋደምሁ። የማውቀው ወጌሻውን ነው፦
ቅቤውን ለቅልቆ፣ «ቻይው፣ ቻይው» ብሎ፣
ጅማት እንደ ክራር የሚመታውን ነው።
ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ።
እሷ ግን ቅባት የለ፣ ጉልበት የለ፣
የሚያመኝን ትታ
ደረቅ መዳፏን ሆዴ ላይ አኖረች፣
ከጠባሳዬ ጎን፦ ልጄን በቢላ ያወጡበት፣
በአርባ ቀኔ ታጥቄው
ወደ አንሶላው የተመለስሁበት።

«አላሽም» አለችኝ፤ «እጠብቃለሁ እንጂ።»
ለካ ስሜን አልሳተችም።

«ሥጋ ስትቆርጪ ከቢላሽ ሥር ያለች፣
ነጭ፣ ስስ፣ ጣት ላይ የምትጣበቅ፣
ለድመት የምትጣል፣
እሷ ናት የያዘችሽ፣ ከተረከዝ እስከ ማጅራት።
አንድ ቦታ ትጨመደዳለች፤
የምትጮኸው ሌላ ቦታ ናት።»

ይሄንንስ አንሶላም አስተምሮኛል፦
ጫፉ በማሽኑ ጥርስ እንደ ተነከሰ
መሐሉን ብትተኩሺው፣ ብትተኩሺው፣
ሽብሽባቱ አይፈታም።
ጫፉን ማስለቀቅ ነው።

ሦስት ደቂቃ። አራት።
እጇ አልገፋ፣ አልሳበ፤
ደጅ ላይ እንደ ቆመ ዘመድ፣ ውሻው እስኪለምደው።
ከዚያ አንድ ነገር ላላ፤
ከጠባሳው ተነሥቶ፣ በጎኔ ሾልኮ፣
በብብቴ ሥር አልፎ፣
ክር ሲመዘዝ እንደሚሰማው፣
እስከ ትከሻዬ።
አላለቀስሁም። ሆዴ ጮኸ፤
ከምሳ በፊት ነበር።
ሁለታችንም ሳቅን።

ድኜ አይደለም። ሰባት ሐሙስ ተመላልሼ
እንግዳው ዛሬም ይመጣል፣ ቦራ በነፈሰ ቀን፤
ግን አሁን በር ያንኳኳል።

በሰባተኛው ሐሙስ የማር ብልቃጥ አቀበለችኝ፣
«ክፈቺልኝ» ብላ፣ ዓይኗን ከዓይኔ አሽሽታ።
አውራ ጣቶቿ፣ የስንቱን ጫፍ ያስለቀቁት፣
መገጣጠሚያቸው አብጦ፣
ክዳን እንኳ አቅቷቸው ማታ ማታ
በጨርቅ ይጠቀለላሉ።
ከፈትሁላት።
ከዚያ እጇን ያዝሁ። አላሸሁትም።
መንገዱ ላይ አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ፤
ሌላም መጣ።

«ደኅና ግቢ፣ አልታሽ።»
አላረምኋትም።

ደረጃው ላይ ቆሜ፣ በሁለት እጄ፣
ፀጉሬን አሰርሁት።
ውጭ ስወጣ ቦራ ፈታው።
እንደገና አሰርሁት።